ስለ ዞሊኮን ማኅበርና በሃይማኖት ስለ ማስገደድ

በሃይማኖት የሳተውን ሰው ቃል ካልመለሰው በትር ይመልሰዋል የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ አልታጡም፤ ዛሬም አሉ። ይህን የሚናገሩት ለቤተ ክርስቲያን ከመቅናት የተነሣ ስለ ሆነ ቅንዓታቸው አይነቀፍም፤ ምክራቸው ግን ይነቀፋል። በትር ስሕተትን እንደማያጠፋ ከሚመሰክሩት ታሪኮች አንዱ በስዊስ አገር፥ በዙሪክ ሐይቅ ዳር ያለችው የዞሊኮን መንደር ታሪክ ነው። ዛሬ ሜኖናይት የሚባሉት ክርስቲያኖች ከመጀመሪያዎቹ ማኅበሮቻቸው አንዲቱ የቆመችው በዚያች መንደር ነውና።

ዞሊኮን ከዙሪክ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል የምትርቅ የገበሬዎች መንደር ነበረች። ቄስዋን ራስዋ የመምረጥ ሥልጣን አልነበራትም፤ አሥራትዋንም በከተማው ላለው ለታላቁ ደብር ትከፍል ነበረ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1515 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1523) ከአምስት ሌሎች መንደሮች ጋር ሆና ከአሥራቱ እንድትላቀቅ የከተማውን ሸንጎ ለመነች፤ ሸንጎውም አልተቀበላቸውም። በዚያን ጊዜ ኡልሪክ ዝዊንግሊ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እየነቀፈ በዙሪክ ያስተምር ነበረ። ከደቀ መዛሙርቱም ኮንራድ ግሬቤልና ፌሊክስ ማንጽ ከመምህራቸው አልፈው ሄደው፥ የሕፃናት ጥምቀት በመጽሐፍ አልታዘዘም ወደሚል ትምህርት ደረሱ። ሸንጎው ክርክሩን ሰምቶ በጥር 1517 ዓ.ም. ለዝዊንግሊ ፈረደ፤ ያልተጠመቀ ሕፃን ሁሉ በ8 ቀን ውስጥ እንዲጠመቅ፥ እንቢ ያለም ከአገር እንዲወጣ ዐዋጅ አስነገረ።

ዐዋጁ በተነገረ በጥቂት ቀን ግሬቤልና ጓደኞቹ በከተማው በአንድ ቤት ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ተጠማመቁ። ወዲያው ነገሩ ወደ ዞሊኮን ወረደ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ 35 ያህል ሰዎች ተጠመቁ፤ በገበሬ ቤት ማዕድ ዙሪያም ኅብስት እየቈረሱ ጽዋ እየተቀባበሉ ማኅበር ሆኑ። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ማንጽና 25 የሚሆኑ ገበሬዎች ተያዙ፤ ገበሬዎቹም በገዳም ቤት ታስረው ከቈዩ በኋላ በ1,000 ጉልደን ዋስ ተለቀቁ። እስራቱና ቅጣቱ ተደጋገመባቸውና በዚያው ዓመት ማኅበሩ ደከመ። ሸንጎው አሸነፍሁ ሳይል አልቀረም።

በትምህርት ረገድ የዞሊኮን ገበሬዎች መሳታቸውን ኦርቶዶክሳዊ ሊቅ ሁሉ ያውቃል። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚጠመቁት፥ ጥምቀት ከእግዚአብሔር የምትሰጥ ልደት ስለ ሆነች ነው። ለመወለድ ፈቃዱ የተጠየቀ ልጅ የለም፤ ሕፃን እስኪያውቅ ድረስ ሳይጠመቅ ይቈይ ማለትም እስኪያውቅ ድረስ ጡት አይጥባ እንደ ማለት ነው። ጥምቀትም አንዲት ናት፤ አትደገምም። በዚህ ነገር ላይ ማለሳለስ አይገባም።

ነገር ግን ሸንጎው ለመምህራን የተሰጠውን ሥራ ለወታደር ሰጠ። በቅኔ ቤት አነጋገር የዞሊኮን ነገር ሰምና ወርቅ ነበረበት፤ ሰሙ ጥምቀት፥ ወርቁ አሥራትና ሹመት ነው። ገበሬው ከጥምቀቱ ክርክር በፊት፥ ስለ ነፍሴ ማን ያስተምረኛል? ከላቤ የወጣው አሥራትስ ለማን ይሆናል? ብሎ ጠይቆ ነበረ። ሸንጎው ግን ሰሙን ቀጣ እንጂ ለወርቁ መልስ አልሰጠም፤ መልስ ያላገኘ ጥያቄም በእስራት አይሞትም።

በ1518 ዓ.ም. ሸንጎው ዳግመኛ የሚያጠምቅ ሰው በውኃ ሰጥሞ ይሙት ብሎ ዐወጀ። ፌሊክስ ማንጽም እጁ ከጕልበቱ ጋር ታስሮ በሊማት ወንዝ ተጣለ፤ እናቱና ወንድሙ ከዳር ቆመው ጽና ይሉት እንደ ነበረ ተጽፏል። ቀኑን በባሕረ ሐሳብ የሚቈጥር ሰው ጥር 10 ቀን 1519 ዓ.ም. ሆኖ ያገኘዋል፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ታቦታት ወደ ውኃ የሚወርዱባት የከተራ ዕለት ናት። በአንዲት ቀን በአንድ አገር ካህናት ውኃውን ሊባርኩ ሲወርዱ፥ በሌላው አገር ዳኞች ሰውን ሊያሰጥሙበት ወረዱ። ሕፃናትን በማጥመቅ ነገር ሸንጎው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይስማማ ነበረ፤ እውነትን ይዞ ሳለ በእጁ ሥራ እውነቱን አስነቀፈ።

ኢትዮጵያም በዐዋጅ የመጣ ሃይማኖት ምን እንደሚመስል ቀምሳዋለች። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1618 ዓ.ም. የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲሾሙ አዘዘ። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ራሱ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጀ። ያን ጊዜ አባቶች ዳግም ጥምቀትን ብቻ ሳይሆን ግዴታውንም ተቃወሙ። ልጆቻቸው ከሁለቱ አንዱን ትተው አንዱን ሊወርሱ አይችሉም።

ከዙሪክና ከበርን አውራጃ የተሰደዱት የዚያ እምነት ሰዎች በ1703 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ፥ በላንካስተር ምድር ሰፈሩ። ከዚያ ወገን የሆኑ ሜኖናይቶችም ከኢጣልያ ወረራ በኋላ፥ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ በናዝሬት አሮጌውን የጥጥ መዳመጫ ሐኪም ቤት አደረጉት፤ ቈይተውም በደደር ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ሠሩ። ከእነርሱ ሥራ መሠረተ ክርስቶስ የተባለች ቤተ ክርስቲያን ተነሣች። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ዘጋት፤ መሪዎችዋንም አራት ዓመት ያህል አሰረ። በተዘጋች ጊዜ አባሎችዋ 5,000 ያህል ነበሩ፤ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ግን በየቤቱ እየተሰበሰቡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ጅምሩን ካልቈረጡት ይሰፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቍጥር ይመልከቱ። በመዘጋትዋ ደስ ያላቸውም ነበሩ፤ ነገር ግን ያቺን የዘጋው እጅ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን የገደለው እጅ መሆኑን ረሱ። ባለሥልጣን የጎረቤትን በር ሲሰብር የሚያጨበጭብ ሰው የራሱን በር የሚጠብቅበት ቃል አይኖረውም።

ዛሬ ወንዝ ውስጥ የሚጥል ሸንጎ የለም፤ በአንዳንድ ገጠር ግን ከቤተ ክርስቲያን ስለ ወጣ ብለው ለጎረቤታቸው ሬሳ መቀበሪያ የሚከለክሉ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ለልጆችዋ መሆኑ ሥርዓት ነው። የመንደሩን መሬት ሁሉ ለሬሳ መከልከል ግን ከየት የተገኘ ሥርዓት ነው? እናት ከሬሳው ጋር በመንገድ ስታለቅስ ያየ ሕፃን የሚማረው ስለ ጥምቀት አንድነት አይደለም።

ለሃይማኖት የሚቀና ሰው የሚቀናበት ሥራ ሞልቶለታል። ወንጌል የሚተረጕም መምህር የሌለው ደብር፥ የንስሓ አባቱን በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማያይ ገበሬ፥ ጉባኤው የተፈታ የቅኔ ቤት ብዙ ነው። የዞሊኮን ሰው የጠየቀውን የሚጠይቁ እነዚህ ናቸውና አስቀድሞ ለእነርሱ መልስ ይሰጣቸው።

የዙሪክ ከተማ በ1996 ዓ.ም. በሊማት ዳር ለማንጽና ለጓደኞቹ መታሰቢያ ድንጋይ አቆመች፤ የዝዊንግሊም ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ ለመነች። ይህ የሆነ ማንጽ በሰጠመ በ477 ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ካህናት ግን ይህን ያህል ዘመን መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ የተከለከለውን የመቃብር ስፍራ በዚህ ሳምንት ማስፈቀድ ይችላሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።