ጎተራው ይሂድ ወይስ ሰውየው ይምጣ?

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ከምሳ በኋላ በምግብ አዳራሹ የጓሮ በር ባለፍን ቁጥር የምናየው አንድ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፍ እንኳ አይባልም፣ ግፊያ ነበር። ሕፃናትና አሮጊቶች የቀለም ቆርቆሮና የላስቲክ ከረጢት ይዘው ቡሌ ይጠብቃሉ። ቡሌ ምን እንደ ሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ከየሳህኑ የተራረፈው እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦና መኮሮኒ ባንድነት ተደባልቆ የሚወጣው ነው። ጉልበት ያለው ቀድሞ ይወስዳል፤ የደከመው ባዶ ቆርቆሮውን ይዞ ይመለሳል። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፍንጫችንን ይዘን እናልፍ ነበር።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባሁኑ ጊዜ «የምግብ ባንክ» የሚባለው ነገር በየስብሰባው ስሙ ይጠራል። ብዙ ሰውም ቡሌን በዘመናይ ስም መጥራት ይመስለዋል። እኛ ግን ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም ባዮች ነን፤ ዳሩ ግን ይህ ልዩነት በቸልታ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን አንባቢ እንዲያስብልን እንወዳለን።

ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ እንመልከት። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠቅሳለን።) በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአሜሪካ አገር፣ በአሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስ በምትባለው ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የሚባል ሰው ለድኾች ምሳ በሚታደልበት አዳራሽ በነጻ ያገለግል ነበር። ከዛፍ ላይ ሳይለቀም የሚቀረውን ፍሬ ከባለ እርሻዎቹ እየለመነ ያመጣ ነበር። አንዲት የብዙ ልጆች እናት ልጆችዋን የምትመግበው ከምግብ መደብር ጓሮ ከሚጣለው፣ ነገር ግን ካልተበላሸው እየመረጠች መሆኑን ነገረችው። ገንዘብ በባንክ እንደሚቀመጥ ሁሉ ምግብም የተረፈው የሚያስቀምጥበት፣ የቸገረው የሚያወጣበት ቦታ ቢኖር መልካም ነበር አለችው። እንግዲህ ሐሳቡ የሴትዮዋ ነው ማለት ነው፤ ስሟን ግን የሚያነሣ አይገኝም፣ የሚጠራው የእሱ ነው። በ1967 የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን 3,000 ዶላርና ባዶውን የኖረ አሮጌ ቤት ሰጠው፤ የመጀመሪያው የምግብ ባንክም በዚያ ተከፈተ። በመጀመሪያው ዓመት 250,000 ፓውንድ ያህል፣ ማለት ወደ 1,100 ኩንታል የሚጠጋ ምግብ አከፋፈለ። ዛሬ በዚያው አገር ባንድ ማኅበር የተሳሰሩ 200 ያህል የምግብ ባንኮች አሉ።

አሠራሩ ከቡሌ የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ባንኩ ከመደብር፣ ከፋብሪካና ከእርሻ የተረፈውን ሰው ሳይነካው ይቀበላል፤ ቶሎ የሚበላሸውን ከሚቆየው ይለያል፤ ይመዝናል፤ ይመዘግባል፤ ከዚያም በየሰፈሩ ላሉ የርዳታ ማኅበሮች፣ ለመጠለያዎችና ለትምህርት ቤቶች በልክ ይልካል። ቡሌ ሚዛንም፣ መዝገብም፣ ተራም የለውም። ጉዳዩ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ በጓሮ በር ላይ የምናውቃት የወጥ ቤት ሠራተኛ ቸርነት ከማንም ባለ ባንክ አያንስም ነበር።

ከተማው ውስጥ ይህ ሁሉ ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ካሚዮኑ ከከተማ ሲወጣ ነው። የፊኒክሱ ባንክ በሰሜን አሪዞና ያሉትን የናቫሆና የሆፒ ሕዝቦች ጭምር ያገለግላል። የናቫሆ ምድር ከ70,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ የተሟላ የምግብ መደብር የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው፤ የቧንቧ ውሃ የሌላቸውም ቤቶች ብዙ ናቸው። ከፊኒክስ እስከ ናቫሆዋ ከተማ እስከ ካየንታ ያለው መንገድ ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ አብዛኛውም በረሃ ነው። ቲማቲምና ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ያን ያህል መንገድ አይሄዱም፤ ብስኩትና ጣፋጭ ግን ሳይበላሽ ይደርሳል። የስኳር በሽታ ያጠቃውን ሕዝብ በብስኩት መርዳት ምን ያህል ርዳታ ነው? የናቫሆ ሕዝብ መንግሥት በ2014 በማይረባ ምግብ ላይ 2 ከመቶ ቀረጥ መጣሉ፣ አትክልትና ፍራፍሬን ደግሞ ከቀረጥ ነጻ ማድረጉ፣ ይህን ጥያቄ ራሱ ቀድሞ ስለ ጠየቀ ይመስለናል።

ለመሆኑ አሪዞና ድረስ ምን ወሰደን? በአገራችንም ለእህል ባንክ የሚመስል ነገር ቆሞ ስለ ነበረ ነው። በ1982 የተቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ መጠባበቂያ በኮምቦልቻ፣ በናዝሬት፣ በድሬዳዋ፣ በሻሸመኔና በሌሎችም ቦታዎች መጋዘኖች ነበሩት። የርዳታ ድርጅቶች የገዙት ወይም የተሰጣቸው እህል ገና በባሕር ላይ ሳለ ከመጋዘኑ ይበደራሉ፤ መርከቡ ሲደርስ ይመልሳሉ። ብልኅ አሠራር ነው፤ ከፊኒክሱም ይልቅ ባንክ የሚለው ስም የሚገባው ለዚህ ነበር። ነገር ግን በ1999 እና በ2000 የተበደሩት ሳይመልሱ ስለ ዘገዩ ጎተራው ሳሳ። በዚያው ጊዜ በኦጋዴን ዝናብ ጠፍቶ ከብቱ አለቀ። ከድሬዳዋው መጋዘን እስከ ጎዴ ያለው መንገድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ እህሉ ወደ መንደሩ ስላልሄደ መንደሩ ወደ እህሉ ተነሣ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ምግብ ይታደላል ወደተባለበት ወደ ጎዴ ከተማ ጎረፉ። ሕዝቡ ባንድ ስፍራ ሲታጨቅ ኩፍኝ ገባ፤ በረኃብ የተዳከመውን ሕፃን ኩፍኝ ጨረሰው። ኋላ በተደረገው ጥናት እንደ ታወቀው ከሟቾቹ ከሦስት አራተኛ የሚበልጡት ያለቁት ዋናው ርዳታ ከመጀመሩ በፊት ነው።

እንግዲህ የምግብ ባንክ ማቋቋም የሚፈልጉ ወጣት ሹማምንት፣ ጓደኞቻችንም ብዙዎቹ ከነሱ ውስጥ ናቸው፣ መጋዘኑን የት እንሥራ ከማለታቸው በፊት የመጨረሻዋ መንደር የት ናት ብለው ቢጠይቁ እንወዳለን። ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫና ለሾፌር አበል ያልተመደበበት የምግብ ባንክ የከተማ ቡሌ ነው፤ የተሻለው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

ይህን ሐሳብ ባንድ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ወዳጃችን ነገርነው። «አንተ ደግሞ! ባንድ ካሚዮን ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሺሕ ሰው እመግባለሁ፤ ያንኑ ይዤ ቆላ ብወርድ መቶ ሰው አላገኝም። ሪፖርቱ ላይ የሚጠየቀው ስንት ሰው ተመገበ የሚል ነው» አለን። ሐሰት አልተናገረም። እኛም ስለ ሒሳቡ አልተከራከርነውም፤ ነገር ግን ያ መቶ ሰው ካልተደረሰለት ነገ በእግሩ መጥቶ ከከተማው በር ላይ እንደሚቆም፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያስፈልገው እንጀራ ብቻ ሳይሆን ሐኪምና መጠለያ ጭምር እንደሚሆን ጎዴን እየጠቀስን አስረዳነው። ከዚያም በሪፖርቱ ቅጽ ላይ ሁለት ዓምዶች ቢጨመሩ ብለን ለመንነው፤ አንዱ ምግቡ የደረሰበት እጅግ ሩቁ ቦታ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ፣ ሁለተኛው ችግሩ ከተሰማ በስንተኛው ቀን እንደ ደረሰ የሚጻፍበት።

ወዳጃችን ቅጹን ከመሳቢያው አውጥቶ ጥቂት ካየው በኋላ «ዓምዱን መጨመር ቀላል ነበር፤ የምንሞላበት ቁጥር ግን የለንም» ብሎ መልሶ ከተተው።