ደፋር፤ ምስጋና ነው ወይስ ነቀፋ?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው «አንተ ደፋር!» ቢልህ ታመሰግነዋለህ ወይስ ትቀየመዋለህ? አንድ ሽማግሌ በጦር ሜዳ አብሯቸው ስለ ዋለ ወዳጃቸው ሲያወጉ «ደፋር ነበር» ቢሉ ምስጋና ነው። እኒሁ ሽማግሌ፥ ታላላቆች ሳይጀምሩ እጁን ወደ ማዕድ የሰደደውን ልጅ «ደፋር!» ቢሉት ግን ቁጣ ነው። ለሴት ልጅ ሲሆንማ ቃሉ ይብስ ይከብዳል፤ ወንድሟ የተመሰገነበትን ነገር እርሷ ብታደርገው ትወቀስበታለች።

ምክንያቱ ከግሡ ውስጥ ይገኛል። «ደፈረ» ከግዕዝ ጀምሮ አብሮን የኖረ ግሥ ነው። ትርጉሙም ፍርሃትን ማጣት ብቻ ሳይሆን የተከበረን ወሰን ማለፍም ነው። ስለዚህ ምሽግ ይደፈራል፤ ድንበር ይደፈራል፤ ችሎትም ይደፈራል። ታውቆ የተሠራ በደል በቤተ ክርስቲያን «የድፍረት ኃጢአት» ይባላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 620 ከከባዶቹ ወንጀሎች አንዱን «አስገድዶ መድፈር» ይለዋል። እንግዲህ ስለ ደፋር ሲነሣ አማርኛ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምኑን ደፈረ?» ብሎ ነው።

ጎረቤቶቹ ቃላት ይህ ጣጣ የለባቸውም። «ጀግና» ለሽሙጥ ካልሆነ በቀር ስድብ አይሆንም። «ጎበዝ»ም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ የሰፈሩን ተዋጊ የሚመራው «የጎበዝ አለቃ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ፈተናውን በሚገባ ያለፈ ተማሪም ጎበዝ ነው። «ዓይን አውጣ» ደግሞ ምስጋና ሆኖ አያውቅም። «ደፋር» ግን በመካከል ቆሟል። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረት እንኳ ማድነቁ ይሁን መሣቁ በቅጡ አይለይም።

እኔም በጀማሪነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳገለግል የአንዲት ባልቴት የጡረታ ማመልከቻ በእጄ አለፈ። የሟች ባላቸው የአገልግሎት ዘመን ሲደመር ስድስት ዓመት ጐድሎ ነበር። ስሕተቱን አየሁት፤ ነገር ግን ወረቀቱን አለቃዬ ፈርመውበት ስለ ነበረ «ደፋር እባላለሁ» ብዬ ዝም አልሁ። ባልቴቲቱ ስምንት ወር ሙሉ ተመላለሱ። በመጨረሻ ስሕተቱን ሌላ ሰው አገኘው። አለቃዬ አስጠርተው «አይተኸው ነበር?» አሉኝ። «አዎን ጌታዬ» አልሁ። «እንግዲያስ የእኔን ፊርማ ፈርተህ የሰው መብት ደፈርህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ብዙ ተቆጥቶኛል፤ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን ግን የለም።

ቋንቋችን ለዚህ ያበጀው በር አለ፤ «ድፍረት አይሁንብኝና» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ወሰኑን ማወቁን ያስታውቃል፤ ቀጥሎም እውነቱን ይናገራል። አለቃም በዚህ የተጀመረ ንግግር ለመቈጣት ይቸግረዋል። አንባቢዬ ሆይ፤ ነገ ከጠረጴዛህ ላይ የተሳሳተ ወረቀት ብታገኝ በዚሁ ጀምር፤ ነገር ግን እዚያው ላይ አታቁም።