ነጥብ የለኝም፣ ደብተር ግን አለኝ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ለገና ሰሞን ደወለና «ዘንድሮ በነጥብ ነው የምመጣው» አለኝ። እኔ የሎተሪ ነገር መስሎኝ «ደረሰህ እንዴ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ለነዳጁም፣ ለአስቤዛውም፣ ለልጁ ጫማም የሚከፍለው በክሬዲት ካርድ ነው። ባንኩ ባወጣው ዶላር ልክ ነጥብ ይይዝለታል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም የአውሮፕላን ትኬት ይሆናል። ወጪው ከገቢው እንዳይበልጥ ደግሞ ስልኩ ላይ የጫነው የበጀት አፕ ይጠብቀዋል። «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረህ በግምት ትኖራለህ» ብሎ አሳፈረኝና አፑን ላከልኝ።

ጫንኩት። መጀመሪያ የባንክ ሒሳብህን አገናኝ አለኝ፤ ከዘረዘራቸው ባንኮች ውስጥ የእኔ የለም። ወሩን በፈረንጅ 1 ይጀምራል፤ እዚህ ደመወዝም የቤት ኪራይም የሚቆጠረው በሐበሻ ወር ነው። ወደ ወጪ ዝርዝሩ ስገባ «የቤት እንስሳት» የሚል ሳጥን አገኘሁ። የግቢያችን ውሻ ራሱን በራሱ ነው የሚያስተዳድረው፤ ዜሮ ሞላሁለት። ልቅሶ የሚል ሳጥን የለም። ማኅበር የለም፣ ክርስትና የለም፣ ለሠርግ የሚታሰብ የለም። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ክፈል አለኝ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ነው። ስለዚህ ብር እንድቆጥብ የሚያስተምረኝ ዕቃ ከ10 ሺህ ብር በላይ ሊያስወጣኝ ነው ማለት ነው። አጠፋሁት።

የምጽፈው ከሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን የሚጠራ ከተማ ናት። እዚህ «ካርድ» ስትል ሰው የሚያስበው ወይ የሞባይል ካርድ ወይ የኤቲኤም ካርድ ነው፤ ኤቲኤሙም የሚሰጥህ የራስህን ገንዘብ ነው። በሰው ገንዘብ ገዝቶ በወሩ መጨረሻ መክፈል፣ በዚያ ላይ መሸለም የሚባለው ነገር ከእኛ ሩቅ ነው። መራቁ ግን የሚያስቆጭ ነው ወይ? መጀመሪያ ይሄን ልጨርስ፤ ምክንያቱም ሰሞኑን ከከተማ ወጣቶች ጋር ስናወራ «እኛ አገር ነጥብ ቢኖር ኖሮ» የሚል ቁጭት ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ነጥቡ ከሰማይ አይወርድም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ካርዱን ባስነካ ቁጥር ባለ ሱቁ ከሽያጩ ላይ ይቆረጥበታል፤ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 በመቶ ይሆናል። ባለ ሱቁ ይህን ከኪሱ አይከፍልም፣ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። ዋጋው የጨመረው ደግሞ ካርድ ላለውም ለሌለውም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ባለሙያዎች ይህን አስልተውት ነበር። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ ቤተሰብ በአማካይ በዓመት 149 ዶላር ሳያውቀው ካርድ ተጠቃሚዎችን ይደጉማል፤ ካርድ የሚጠቀመው ቤተሰብ 1,133 ዶላር ያገኛል። ሌላው የነጥብ ምንጭ ዕዳውን በወሩ መጨረሻ ሳይጨርስ የሚያሳድረው ሰው ነው፤ እሱ የሚከፍለው ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። የአክስቴ ልጅ አንድም ወር አያሳድርም፤ ስለዚህ አትራፊ ነው። ትኬቱን ከገዙለት ሰዎች መካከል ግን እዚያው ሰፈሩ በጥሬ ገንዘብ ወተት የሚገዛ ሰው አለበት። ይሄን ብነግረው ተቀየመኝ። አውሮፓ ኅብረት ግን ነገሩን ስላየው እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ ግብይት ባንኮች የሚቀባበሉትን ክፍያ በ0.3 በመቶ ገድቦታል። ነጥቡም አብሮ ሳሳ።

እንግዲህ ሽልማቱ ይቅርብን። ዱቤው ግን አልቀረልንም፤ በሌላ በር መጥቷል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የሚል አነስተኛ ብድር፣ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላ «እንደኪሴ» እና «ሳንዱቅ» የተባለ ቁጠባ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም በየስልኩ ብድር ይዘው መጥተዋል። ይህን ላጣጥል አልተነሳሁም። ለባጃጅ ጎማ ወይም ለሱቅ ዕቃ ሁለት ሦስት ሺህ ብር ቢያጣ ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ማንንም ሳይለምን፣ ያለ ዋስ፣ ያለ መያዣ ያገኛል። አብቁተ፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ፣ ለገጠሩ ሰው በቡድን ዋስትና ሲያበድር ስብሰባው ብቻ ስንት ቀን ይፈጅ እንደነበር የኛ ሰፈር ሰው ያስታውሳል። አሁን ሦስት ቁጥር መንካት ነው።

ችግሩ ያለው እዚሁ ሦስቱ ቁጥር ላይ ነው። የራሴን ልናገር። አምና ለፋሲካ ከአንዱ የስልክ ብድር (ስሙ ይቆየን) 3,000 ብር ወሰድኩ። 150 ብር «የአገልግሎት» ተብሎ ቀድሞ ተቆረጠና እጄ የገባው 2,850 ነው። በ30 ቀኑ 3,000 መለስኩ። መለስኩ እንጂ ኪሴ ባዶ ስለሆነ በማግስቱ መልሼ ወሰድኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ወር። አራት ጊዜ 150፣ 600 ብር መሆኑ ነው። የበዓሉን ዶሮ ግማሽ ሁለተኛ ገዛሁት እንደማለት ነው፤ ያውም ከተበላ በኋላ።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ 150 ብር ትንሽ መስላ መታየቷ ነው። እኔ ወለድ ማስላት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ አላሰላኋትም። በ2,850 ብር ላይ በወር 150 ብር ከ5 በመቶ ይበልጣል። በ12 ስታባዛው በዓመት 63 በመቶ ነው፤ ወለዱ ራሱ ወለድ እየወለደ ሲሄድ ደግሞ ወደ 85 በመቶ ይደርሳል። አራጣ አበዳሪው «በመቶ አምስት በወር» ቢለኝ ኖሮ ፊቴን አዙሬ እሄድ ነበር። ስልኬ «የአገልግሎት 150 ብር» ሲለኝ ግን እሺ አልኩ። ባንክ ላስቀመጥኩት ብር የሚታሰበው ዝቅተኛው ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው፤ ከ2010 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የተቀመጠ ነው።

ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አለው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ተስማምቻለሁ» ከሚለው ቁልፍ በፊት የሚመጣው መልእክት ላይ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ «ይህ ብድር በዓመት ሲሰላ ይህን ያህል በመቶ ነው፤ እጅዎ የሚገባው ይህን ያህል ነው፤ የሚመልሱት ይህን ያህል ነው» ተብሎ ይጻፍ። ሦስት መስመር ናት። አንድ የሱቅ ደንበኛ የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ ሳይነገረው «ዘንቢሉ ይሄን ያህል ነው» ቢባል ይገዛል? ብድርም ኪሎ አለው፤ ኪሎው የዓመት በመቶኛ ነው።

እስከዚያው ምን እናድርግ ላለ፣ እኔ ወደ እናቴ ነው የተመለስኩት። እናቴ ገንዘብ የምትቋጥረው መቀነቷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አንዱ ቋጠሮ የወፍጮ፣ አንዱ የእድር፣ አንዱ የማኅበር። ልጅ ሆኜ ከእድሩ ቋጠሮ አምስት ብር ፍቺልኝ ስላት «እሱማ የሰው ነው ልጄ» ትለኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ በዓመት 100 ዶላር የሚከፍልበት አፕ ዋናው ምስጢር ይሄው ነው፤ ብሩ እጅህ ሲገባ ወዲያው ሥራ ስጠው፣ ሥራ ያለው ብር ለሌላ አይነካም። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ጌጡ ደግሞ ዋስትና የለውም፤ አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች ይገለገሉበት የነበረው ሚንት የተባለ አፕ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ተዘግቶ ሰዉ ሒሳቡን ይዞ ሌላ ቤት ሲፈልግ ነበር። እዚህ ክልልም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ስንቆይ፣ ደመና ላይ የተቀመጠ ሒሳብ ምን እንደሚጠቅም አይተነዋል። ደብተር ኔትወርክ አይጠይቅም።

ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። ሐሙስ ማታ ገበያው ሲበተን ቁጭ ብዬ የሳምንቱን የክፍያ መልእክቶች ከስልኬ እያየሁ እገለብጣለሁ። ቴሌብር ላይ የተደረገ ክፍያ ሁሉ መልእክት ይልካልና የሚረሳ የለም፤ ዳታ ባይኖር *127# አለ። በጥሬ የወጣው ነው የሚያስቸግረው። ቡናው፣ ባጃጁ፣ «ያዝ እስቲ» ተብሎ የተሰጠው። ለእሱ «የት እንደገባ እንጃ» የሚል አምድ አለኝ፤ በመጀመሪያው ወር ከሁሉም አምድ ትልቁ እሱ ነበር።

ደብተሩ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። እኛን የሚያስበድረን ድንገተኛ ነገር አይደለም። ፋሲካ ድንገት አይመጣም፤ 55 ቀን ጾመን ነው የምንቀበለው። መስከረም ድንገት አይመጣም። የእህቴ የትምህርት ቤት ደብተርና ዩኒፎርም፣ የክረምት ማገዶ፣ ማኅበሩ በእኔ ተራ የሚውልበት ቀን፣ ሁሉም ቀን ተቆርጦላቸዋል። እኔ ነበርኩ ያላየኋቸው። ሁሉንም ደምሬ በዓመት 30 ሺህ ብር ሆነ፤ በ12 ስከፍለው በወር 2,500። ፋሲካ ሲደርስ 3,000 ከመፈለግ ይልቅ ከመስከረም ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መያዝ። በቃ። የእኔ ገቢ እንደ ጽሑፉ ይመጣል ይቀራል፤ እንደ ገበሬው ነው። ሩዝና ሽንኩርት የሚያመርት የፎገራና የደራ ገበሬ ብሩን የሚያየው በምርት ሰሞን ነው፣ የሚጨንቀው ክረምት ላይ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው «የወር በጀት» አይሠራም፣ የዓመት ነው የሚሠራው። በገባ ቀን ቀድሞ ለክረምቱ ማስቀመጥ እንጂ።

የት ይቀመጥ? እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ አስተማሪዎቼን ትንሽ ላስቀይም። በሐሙስ ሐሙስ የሚጣል ዕቁብ ውስጥ ገብቻለሁ፤ 20 ሰው ነን፣ 500 ብር እንጥላለን፣ ባለ ዕጣው 10 ሺህ ይወስዳል። «ዕቁብ ወለድ የለውም፣ መጨረሻ የሚደርሰው ይከስራል» ይባላል። እሺ፣ እንቁጠረው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው ያንኑ 500፣ 500 በየሳምንቱ ባንክ በ7 በመቶ ቢያስቀምጠው በ20 ሳምንት የሚያገኘው ወለድ 128 ብር አካባቢ ነው። የከሰረው እሷን ነው። እኔ ለስልኩ ብድር በአንድ ወር ብቻ 150 ከፍያለሁ። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ደግሞ ከ19 ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ ክሬዲት ካርድ ማለት ይሄ አይደል? ማን እንደሚጠቀም ዕጣ ነው የሚወስነው እንጂ የድሃው ኪስ አይደለም። ዋጋ ንረቱ በባንክ ያለውንም በዕቁብ ያለውንም ይበላል፤ 2014 ዓ.ም. ላይ ከ30 በመቶ አልፎ ሲሄድ 7 በመቶ ወለድ የትም አላደረሰንም። ስለዚህ ብዙ ብር ለብዙ ጊዜ ዕቁብም ባንክም ላይ አይተኛም፤ በግ ይገዛበታል፣ ቆርቆሮ ይገዛበታል። ለአምስት ወር ግን ዕቁቡ ይበቃኛል። ደግሞ 500ው ሐሙስ ካልተጣለ ዳኛው ቤቴ ድረስ ይመጣል። የትኛውም አፕ ቤቴ አይመጣም።

ዕቁቡ ሁሉን አይፈታም። ባለፈው ጎረቤታችን በጠና ታሞ ባሕር ዳር ሲወሰድ ዕጣ ያልደረሰው ልጁ የስልክ ብድር ነው የወሰደው፤ ትክክል ነው፣ እኔም እወስድ ነበር። ለእንዲህ ያለው ቀን ነው ብድሩ መቆየት ያለበት። እኔ በፋሲካ ዶሮ ገደቤን ጨርሼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ስልኬ እንቢ ይለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ትኬቱን ቆርጧል። ገና ሲደርስ ሐሙሲት ይመጣና እናቴ በግ እንድታርድ ይጠብቃል። በደብተሬ ላይ «እንግዳ» የሚል አምድ ከጥቅምት ጀምሮ ከፍቻለሁ፤ እስካሁን 1,800 ብር አለው። ዕቁቡም ቀጥሏል። ከ20ው 13 ሰው ደርሶታል፤ እኔ ከቀሩት ሰባቱ ነኝ።