የቮልስ ላሜራ ፍለጋ

ያረጀ ቮልስዋገን ቢትል (ቮልስ) ሲታደስ ከሞተሩ ይልቅ የሚያስቸግረው ቦዲው ነው። ፒስተንና ሲሊንደሩ ዛሬም ይመረታል። መኪናዋ ራሷ ግን ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ምርቷ አበቃ። አሮጌ ቮልስ ከውጭ አስገብቶ መፍታትም አያዋጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በወላይታ፣ ገሱባ ውስጥ በአንድ ጓሮ ለቆመች ቮልስ ፓራፋንጎ በአብዛኛው የሚገኘው አገር ውስጥ ከሞተች ሌላ ቮልስ ነው።

ዝገቱ የሚጀምርበት ቦታ ይታወቃል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት መስታወት የሚያደርሰው ክፍል ውስጡ ባዶ ነው፤ ዝገቱም ከውስጥ ይነሳል፤ ከላይ ቀለሙ እያበራ ውስጡ ወንፊት ሆኖ ይገኛል። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ክረምቱን በሚመላለስ መኪና ላይ ደግሞ ጭቃው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር ተለጥፎ እርጥበት ይዞ ይከርማል። ብሎኖቹ የሚያርፉበት መስመር ቀድሞ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ደግነቱ የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ ሁለቱ በሮች፣ የፊትና የኋላ ክዳኖች የተያዙት በብሎን ነው። ከአንዷ ተፈትቶ ለሌላዋ ይገጠማል። ሞዴሉ ግን መመሳሰል አለበት። ከእ.ኤ.አ. 1968 ሞዴል በፊት የነበሩት አብዛኞቹ የፊት መብራታቸው ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ፓራፋንጎውም የዚያኑ ያህል ይለያያል። የ1302 እና የ1303 ሞዴሎች የፊት ክዳንም በ1200 እና በ1300 ላይ አይገጥምም።

ያገለገለ ዕቃ ሲፈለግ ብዙው ሰው የሚሄደው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሶዶንና የአካባቢውን ጋራዦች፣ የቆዩ ግቢዎችንም መጠየቅ ይበጃል። ነጠላ ዕቃ ከማሳደድ የቆመች ቮልስ በሙሉ መግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ መጋጠሚያው፣ ማጠፊያውና መቆለፊያው አብሮ ይመጣል።

የሚያስቆጨው እንዲህ ያሉ መኪኖች ለቁራሌው በኪሎ መሸጣቸው ነው። ደህና በር በጋዝ ተቆርጦ ብረት ማቅለጫ ይገባል። ባለቤቱ በብሎን የተያዘውን ብቻ እንኳ ፈትቶ ቢያስቀምጥ ሌላ መኪና ይድናል፤ እሱም ከኪሎው ዋጋ የተሻለ ያገኛል።

ላሜራው ሲገዛ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ይታይ። ፊቱ ለስላሳ፣ ጀርባው የመዶሻ ምት የበዛበት ከሆነ በስቱኮ የተሞላ ነው። ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ማግኔት አይዝም። የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የቀጠነ ከሆነ መተው ነው፤ ቀሪው የቱንም ያህል ቢያምር አይጠቅምም። ሻጩ ማንነቱ የሚታወቅና ደረሰኝ የሚሰጥ ይሁን። ወለሉ እንዳለ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ የሻንሲ ቁጥሩ የሚገኘው እዚያው ላይ ስለሆነ ከሊብሬው ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ መጣራት አለበት።

ከበር ሥር ያለው የበሰበሰ ክፍል ተቆርጦ ሲቀየር በመጀመሪያ በበሩ ክፍተት ውስጥ ብረት ተበይዶ ቦዲው ይደገፋል፤ አለበለዚያ ይሰምጥና በሩ አልዘጋ ይላል። ከዚያ ሁሉም ዕቃ ሳይቀባ ተገጥሞ ክፍተቱ ይስተካከላል፤ ተፈትቶ ጀርባው ፀረ ዝገት ይቀባል፤ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል አዲስ ጎማ ገብቶ ብሎኑ ይጠብቃል።