የማታው ትምህርት ቤት የራሱ መዝገብ፣ የራሱ መምህር፣ የራሱ በጀት ይኑረው

ይህ ጥሪ የሚቀርበው በየከተማው በሚገኙ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ፣ የቀኑ ተማሪ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስለሚጀምረው የማታ ትምህርት ነው። የጥሪው ፍሬ ነገር የማታው መርሐ ግብር የቀኑ ትምህርት ቤት ትርፍ ሰዓት ተደርጎ መታየቱ ቀርቶ፣ ተማሪው በአግባቡ የሚመዘገብበት፣ መምህሩ በሥራ መደብ የሚመደብበት፣ ወጪውም በመንግሥት በጀት የሚሸፈንለት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሆኖ እንዲታወቅ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑና የወረዳዎች ዕቅድም ከዚያ ቀደም ብሎ ስለሚዘጋጅ፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ተግባራት ባለቤት ማግኘት ያለባቸው የበጀት ረቂቁ ሳይዘጋ ነው።

አማራጭ ትምህርት የሚባለው በመደበኛው የዕድሜና የሰዓት ሥርዓት መማር ያልቻለ ሰው ያንኑ ዕውቀትና ያንኑ ማስረጃ በሌላ መንገድ የሚያገኝበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ስያሜው ይበልጥ የሚታወቀው «አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት» በሚባለውና ከትምህርት ገበታ ውጭ የቀሩ ሕፃናትን ወደ አንደኛ ደረጃ ለማስገባት በተዘረጋው መርሐ ግብር ቢሆንም፣ በሁለተኛ ደረጃም ሦስት በሮች አሉ፤ እነርሱም የማታ ትምህርት፣ የርቀት ትምህርት እና በግል ተፈታኝነት መቅረብ ናቸው። ሁለቱ የኋለኞቹ በር የሚከፍቱት በአብዛኛው ብቻውን አንብቦ መረዳት ለሚችል ሰው ሲሆን፣ መሠረቱ ለደከመና መጽሐፍ ለሚያጥረው ወጣት መምህር፣ ሰሌዳና የክፍል ጓደኛ አንድ ላይ የሚገኙት በማታው ትምህርት ቤት ብቻ ነው።

አሠራሩ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የተቋቋመው «ብርሃንህ ዛሬ ነው» ትምህርት ቤት ቀን ሲሠሩ ለሚውሉ ጎልማሶች ማታ ማታ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከሥራ መልስ የሚማር ሕዝብ ምን ያህል ብዙ እንደሆነ ለዓለም አሳይቷል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ኃላፊነት፣ በመምህርነትና በሕክምና ሙያ ላይ ከሚገኙት መካከል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ማታ ያጠናቀቁ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የማታው ትምህርት ቤት ውለታው ተቆጥሮ የማያልቅ፣ ይሁን እንጂ ባለቤትነቱ እስከ ዛሬ ያልተለየ ተቋም ነው።

በማታው ክፍል የሚቀመጠው ተማሪ በአብዛኛው ሠራተኛ ነው። ከገጠር መጥታ በቤት ሠራተኝነት የተቀጠረች ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ የታክሲ ረዳት፣ የሱቅ ተቀጣሪ፣ ሊስትሮ፣ ልጅ ወልዳ ከቀን ትምህርት ያቋረጠች እናት፣ እንዲሁም በግጭት ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ ወጣት በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህ ድንጋጌ በተግባር ሲከበር ወጣቱ የሚማርበት ሰዓት ይተርፈዋል። ሆኖም የቤት ሠራተኞች የዚህ አዋጅ ጥበቃ ተጠቃሚ ስላልሆኑ፣ ለማታው ክፍል እጅግ የሚያስፈልጋት ልጅ ትምህርት ቤት የመድረሷና የመቅረቷ ነገር በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሆኖ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ችግር የምዝገባ ነው። ምዝገባ የሚካሄደው በተወሰኑ ቀናት፣ ያውም አብዛኛው አመልካች ሥራ ላይ በሚሆንበት በመሥሪያ ቤት ሰዓት ነው፤ አመልካቹም መሸኛ፣ የቀድሞ የውጤት ካርድና መታወቂያ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በግጭት ትምህርት ቤቱ የተዘረፈበት ወይም የተቃጠለበት ወጣት ግን መሸኛውን የሚጽፍለት ርእሰ መምህርም፣ ውጤቱ የሚገኝበት መዝገብም ላይኖር ይችላል። ከዚህም በላይ የማታ ተማሪ ሥራ ሲቀይር ወይም አሠሪው ሌላ ከተማ ሲሄድ በዓመቱ መካከል የሚያቋርጥና የሚመለስ በመሆኑ፣ በመስከረም አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ቆጠራ እውነተኛውን ቁጥር አያሳይም፤ ተማሪው በቆጠራው ካልታየ ደግሞ መምህርም መጽሐፍም አይታሰብለትም።

ሁለተኛው ችግር የመምህር ነው። ማታ የሚያስተምረው በአብዛኛው ቀን ሲያስተምር የዋለው መምህር ሲሆን፣ የሚከፈለውም በክፍለ ጊዜ ታስቦ በተጨማሪ ሥራ ስም ነው። የደከመ ሰው ለደከመ ሰው የሚያስተምርበት ይህ አሠራር የመምህሩን ትጋት አይጎዳም ማለት አይቻልም፤ ክፍያው ሲዘገይ መምህሩ ይቀራል፣ መምህሩ ሲቀር ተማሪው ተመልሶ አይመጣም። የሚያስፈልገው የሰው ኃይል ሲሰላ ግን ከአቅም በላይ አለመሆኑ ይታያል። ለምሳሌ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በየደረጃው ሁለት፣ በድምሩ 8 የመማሪያ ክፍሎች ያሉት የማታ ትምህርት ቤት በየምሽቱ 4 ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንትም 5 ምሽት ቢያስተምር፣ ሳምንታዊ ሸክሙ 160 ክፍለ ጊዜ ይሆናል፤ ለአንድ መምህር 20 ክፍለ ጊዜ ቢመደብ ይህንን ሸክም የሚሸፍኑት 8 መምህራን ናቸው። ለእነርሱ አንድ ምክትል ርእሰ መምህር፣ አንድ የምክር አገልግሎት ሰጪና አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ቢጨመሩ፣ አንድ ሙሉ የማታ ትምህርት ቤት በ11 ሰዎች ይቆማል። ሕንፃው፣ ሰሌዳው፣ ወንበሩና ቤተ ሙከራው ቀድሞውኑ በግቢው ውስጥ አሉ።

ሦስተኛውና የሁለቱ ሥር የሆነው ችግር የገንዘብ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት እስከ 10ኛ ክፍል በነፃ እንዲሰጥ የደነገገ ቢሆንም፣ በብዙ ቦታ የማታ ተማሪ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥም ክፍያ ይከፍላል፤ የመምህራኑ አበልም በአብዛኛው የሚሸፈነው ከዚሁ ክፍያ ነው። ውጤቱም በራሱ ላይ የሚዞር ችግር ሆኗል፤ ኑሮ ሲወደድ መክፈል ያልቻለው ተማሪ ያቋርጣል፣ የተማሪው ቁጥር ሲቀንስ የሚሰበሰበው ገንዘብ ያንሳል፣ ገንዘቡ ሲያንስ ክፍሎች ይታጠፋሉ፣ ክፍል ሲታጠፍ ደግሞ የቀረው ተማሪ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት መሄድ ስለማይችል ትምህርቱን ይተዋል። ለወረዳዎች በጥቅል የሚሰጠው ዓመታዊ የድጋፍ በጀት፣ በተለምዶ ብሎክ ግራንት የሚባለው፣ ትልቁ ድርሻው ለደመወዝ የሚውል በመሆኑ፣ በመደብ ያልተመዘገበ መምህር ያለው የማታ ትምህርት ከዚህ በጀት ሳይደርሰው ይቀራል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የተማሪዎች ምገባም የበርካታ ቤተሰቦችን ሸክም ያቀለለ ታላቅ ሥራ ቢሆንም፣ የተዘረጋው ለታችኛዎቹ የትምህርት እርከኖች በመሆኑ፣ ምሳውን ሳይበላ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክፍል ለሚገባው የማታ ተማሪ አይደርስም።

የማታ ትምህርት ከመንግሥት የሚጠይቀው ችሮታ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳለው፣ መንግሥትም ለትምህርትና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል፤ ድንጋጌው ቀን የሚማረውን ከማታው አይለይም። የሀገር ሀብት ውስን በሆነበት፣ የቀኑ ትምህርት ጥራት ራሱ አሳሳቢ በሆነበት ጊዜ ለማታው መጨመር ቅንጦት ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና አንሥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው፤ በቀኑ ትምህርት ያልተሳካለት ወጣት በየዓመቱ በብዛት እየወጣ ከሆነ፣ ተመልሶ የሚማርበት በር መስፋት እንጂ መጥበብ የለበትም።

ስለዚህ የሚከተሉት ተግባራት እንዲፈጸሙ ጥሪ ይቀርባል።

የክልልና የከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች ለማታ ትምህርት የተለየ የበጀት ርእስ እንዲከፍቱ፣ የማታ መምህርነትን እንደ አንድ የሥራ መደብ አጽድቀው ቅጥር እንዲያወጡ፣ ቢያንስ እስከ 10ኛ ክፍል ድረስም ተማሪው የሚከፍለውን ክፍያ እንዲያስቀሩ ይጠየቃል። የተማሪ ቆጠራም በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲካሄድና የማታ ተማሪ በተለየ ዓምድ እንዲመዘገብ ያስፈልጋል።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ርእሳነ መምህራን ምዝገባውን ማታና ቅዳሜ እንዲያካሂዱ፣ ማስረጃ ለጠፋበት አመልካች የምደባ ፈተና ሰጥተው በችሎታው ልክ ክፍል እንዲያስገቡት፣ አቋርጦ የተመለሰውንም ከቆመበት እንዲያስቀጥሉ ጥሪ ይቀርብላቸዋል። የግቢው መብራት፣ የውኃና የመጸዳጃ አገልግሎት እንዲሁም የበሩ ጥበቃ የመጨረሻው ተማሪ እስኪወጣ ድረስ ሊቆዩ ይገባል፤ ለሴት ተማሪዎች ይህ የምቾት ሳይሆን የመማርና ያለመማር ጉዳይ ነው።

አሠሪዎች የሠራተኛው የሥራ መውጫ ሰዓት ከትምህርቱ መጀመሪያ ጋር እንዲጣጣም፣ በፈተና ቀናትም ፈቃድ እንዲሰጥ በኅብረት ስምምነትና በሥራ ደንብ ላይ እንዲያሰፍሩ ይጠየቃሉ። የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ቤተሰብ ደግሞ ሕግ እስኪያስገድደው ሳይጠብቅ፣ ልጅቷ በሳምንት አምስት ምሽት ክፍል እንድትገኝ ገና ሲቀጥራት ቃል ቢገባላት፣ ማንም ተቋም ሊተካው የማይችለውን ድርሻ ተወጣ ማለት ነው።

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቶች ከማታ ተማሪዎች መካከል የተመረጠ ተወካይ በአባልነት እንዲያካትቱ፣ የመምህራን ማኅበርም የማታ መምህራንን የደመወዝና የሥራ ሰዓት ጥያቄ የራሱ አጀንዳ እንዲያደርገው ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ለትምህርት ቤቶች እድሳት የሚያዋጡ ባለሀብቶችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ በውጭ አገር የሚኖሩትን ጨምሮ፣ ከሚያዋጡት ከፊሉን ለማታው ክፍል መብራት፣ የመማሪያ መጽሐፍና የትራንስፖርት ድጋፍ እንዲያውሉት ጥሪ ይቀርባል። ማታ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ የበቃ ሰው ሁሉ ደግሞ ወደተማረበት ግቢ አንድ ምሽት ጎራ ብሎ፣ የጎደለውን በዓይኑ አይቶ፣ ያየውንም ለወረዳው ምክር ቤት ተወካይ በጽሑፍ ቢያቀርብ የበጀት ውይይቱ መልኩ ይለወጣል።

አንባቢ ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ ለመፈጸም የሩቅ ሥልጣን አያስፈልገውም፤ በሰፈሩ የሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማታ ያስተምር እንደሆነ፣ ስንት ተማሪና ስንት መምህር እንዳሉት፣ በመጪው ዓመት በጀት ምን እንደተያዘለት መጠየቅ የማንኛውም ነዋሪ መብት ነው። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «የማታ እንጀራ ይስጥህ» ይላሉ፤ ምርቃቱ በማለዳ ያልተሳካለት ሰው በኋለኛው ዘመኑ እንዲቀናው የሚለመንበት ነው። ለሠራተኛው ወጣት ይህ እንጀራ የሚጋገረው በማታው ክፍል ውስጥ ነውና፣ እስከ ሐምሌ 1 ባሉት ወራት ምጣዱ እንዲጣድ የየድርሻውን ማገዶ ማቅረብ የሁሉም ኃላፊነት ነው።