የመኖሪያ ቤት የኢነርጂ ብቃት ደረጃና የሕንፃ ሕግ፦ ለምን አብረው መሻሻል አለባቸው?

የደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን ያገኘውን ሙቀት ፈጥኖ ይለቃል፤ ኮርኒስ የሌለው ቤትም ከሌሊቱ ጋር አብሮ ይበርዳል። ነዋሪው መስኮቱን ዘግቶ፣ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፍኖ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ያስገባል። ብርዱን ለመከላከል የሚወሰደው ይህ እርምጃ በከሰል ጭስ መታፈንን ሊያስከትልና ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የቤት የኢነርጂ ብቃት ጉዳይ ከኤሌክትሪክ ሂሳብ ባለፈ የሰው ደኅንነት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኢነርጂ ብቃት ደረጃ ምንድን ነው?

የኢነርጂ ብቃት ደረጃ አንድ ቤት ለምግብ ማብሰያ፣ ለመብራት፣ ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ለገዢና ለተከራይ የሚያሳይ መለኪያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ አባል አገራት ለሕንፃዎች የኢነርጂ ብቃት ምስክር ወረቀት እንዲሰጡ አድርጓል። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢነርጂ አጠቃቀምን የብሔራዊ የሕንፃ ደንቧ አካል አድርጋለች።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በሁለት የሕግ መስመሮች ተከፍሎ ቆይቷል። የመጀመሪያው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው። አዋጁ የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን በሕግ ያቋቋመ ሲሆን፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዝቅተኛ የብቃት ደረጃ የማውጣትና መለያ እንዲለጠፍባቸው የማድረግ ሥራ ዛሬ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ይገኛል። ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነበር። ይህ አዋጅ የሕዝብን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል የሕንፃ ግንባታ ሊያሟላ የሚገባውን ዝቅተኛ ብሔራዊ መስፈርት የወሰነ ነበር። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ አስገዳጅ የኢነርጂ ብቃት ደረጃ ግን በሁለቱም መስመር ሥራ ላይ አልዋለም። በመሆኑም ምጣዱ በአንድ ሕግ፣ ምጣዱ የሚሰካበት ግድግዳ ደግሞ በሌላ ሕግ ይታያል።

አንዱን ብቻ ማሻሻል ለምን አይበቃም?

ደረጃው ብቻ ወጥቶ የሕንፃው መስፈርት ባይሻሻል፣ ባለቤቱ የተሻለ ውጤት ለማግኘት ሲል ቤቱን አጥብቆ ይዘጋል። ከሰልና እንጨት በሚነድበት ቤት ውስጥ ደግሞ አየር ማስገቢያን መዝጋት አደጋ ነው። እንግሊዝ ይህን ትስስር ከግምት በማስገባት የሕንፃ ደንቧን የኢነርጂ ክፍልና የአየር ዝውውር ክፍል በአንድነት አሻሽላ፣ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በተመሳሳይ ቀን ሥራ ላይ አውላለች። የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነው፦ ሙቀት እንዳይወጣ የሚደረግበት ቤት ንጹሕ አየር የሚገባበት መንገድም አብሮ ሊታሰብለት ይገባል።

ሁለተኛው ትስስር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም በእጅጉ አሳድጓል። ኃይሉ በማጀት ውስጥ እንጨትንና ኩበትን የሚተካው ግን የቤቱ ዝርጋታ ሊሸከመው ሲችል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት የሚወስድ ከሆነ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ይህን ጭነት መጫን ሽቦውን ያግላል፤ ለእሳት አደጋም ያጋልጣል። ስለዚህ ምጣዱ የብቃት መለያ ቢኖረውም የራሱ መስመርና ብሬከር ከሌለው ጥቅሙ የተሟላ አይሆንም።

ወጪውም በቀላሉ ሊሰላ ይችላል። ይኸው ምጣድ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለሁለት ሰዓት ሳይቋረጥ ቢሠራ በሳምንት 14፣ በወር ደግሞ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንዲል ተደርጎ የተዋቀረ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚፈጸም የታሪፍ ማስተካከያ ተጀምሯል። በዚህ ሁኔታ የሚባክን ኃይል ሁሉ በቤተሰቡ ወጪ ላይ የሚታይ ነው። ይህ በተለይ ተከራዩን ይመለከታል፤ ቤቱን የሠራው አከራዩ ሲሆን ሂሳቡን የሚከፍለው እርሱ ነውና።

ለደጋና ለቆላ አንድ መለኪያ ይበቃልን?

ከመካነ ሰላም ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው በአንድ ወረዳ ውስጥ ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል። ደጋው ላይ ሙቀት የሚይዝ ጣሪያና ግድግዳ ሲያስፈልግ፣ ቆላው ላይ ጥላና ነፋስ ያስፈልጋል። የወሎ ደጋ ነዋሪ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በሳር ክዳን ይሠራቸው የነበሩ ቤቶች ለቦታው አየር የተስማሙ ነበሩ። ቆርቆሮ ዝናብን በመከላከልና ለረጅም ጊዜ በማገልገል የተሻለ ቢሆንም፣ ሳሩ ይሰጠው የነበረውን መከላከያ አይሰጥም። በመሆኑም ጠቃሚ የሚሆነው ደረጃ የአየር ጠባይን መሠረት ያደረገና በአካባቢው የሚገኘውን ድንጋይና ጭቃ ዋጋ የሚሰጥ ነው። ከውጭ በሚገባ ውድ ቁሳቁስ ብቻ የሚሟላ መስፈርት አነስተኛ ገቢ ያለውን ቤት ሠሪ ከሕጋዊው መንገድ ያስወጣዋል።

የሕጉ ተፈጻሚነትም መታየት ይኖርበታል። አዋጅ ቁጥር 624/2001 በዋናነት የተቀረጸው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ሲሆን፣ ከዚያ በታች ባሉት የሚፈጸምበትን ጊዜ የመወሰን ሥልጣን ለክልሎች ተሰጥቶ ነበር። በገጠር ቀበሌና በትናንሽ ከተሞች ለሚሠራው ቤት ከአስገዳጅ ደረጃ ይልቅ የባለሙያ ምክር ቀድሞ ሊደርስ ይገባል።

ቤት የሚሠራ ዜጋ ከወዲሁ ምን ማድረግ ይችላል?

የግንባታ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ፕላኑን ከማስገባቱ በፊት የሚከተሉትን ቢያረጋግጥ ይጠቀማል።

1. የቤቱ ረጅም ጎን ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ቢዞር መልካም ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ በደጋ ወደ ደቡብ የተከፈተ መስኮት ሙቀት ያስገባል። በቆላ ግን የምዕራብ መስኮትን መቀነስና የጣሪያውን ክፈፍ ማስረዘም ይመረጣል።
2. ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ እንዲኖር ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ።
3. ማብሰያ ቤቱ ጭስ መውጫና የማይደፈን አየር ማስገቢያ ይኑረው። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ በመኝታ ክፍል ፈጽሞ አይደር።
4. ለምጣድ የተለየ መስመር፣ ተስማሚ ውፍረት ያለው ሽቦና የራሱ ብሬከር በፕላኑ ላይ ይመልከት፤ ዝርጋታውም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይሠራ።
5. ምጣድ፣ ማቀዝቀዣና አምፖል ሲገዛ የብቃት መለያ መኖሩ ይጠየቅ።

የግንባታ ፈቃድን የሚመለከት ጥያቄ ለከተማው አስተዳደር የሕንፃ ሹም፣ የቆጣሪና የመስመር አቅም ጥያቄ ደግሞ በአቅራቢያ ለሚገኝ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ይቀርባል። አንድ ቤት አንዴ ከተሠራ ለአሥርት ዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ፣ በፕላን ላይ በጥቂት ወጪ የሚስተካከለው ጉድለት ግድግዳው ከቆመ በኋላ ብዙ ያስወጣል።