ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ በረዶ ግን ይነቅዛል

ወዳጆቼ፤ በተለይ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ሳለሁ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ ግማሾቻችሁ «ቲቸር፣ ምን ነካዎት?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። ጓደኞቼ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ የልጅ አባት እኮ ነህ!» ብላችኋል። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ባክካንትሪ ስኪ ይሉታል። ተራው ስኪ ላይ ቲኬት ትቆርጣላችሁ፣ ሊፍት ላይ ቁጭ ብላችሁ ትወጣላችሁ፣ የተስተካከለ ቁልቁለት ላይ ትንሸራተታላችሁ። የበረዶ ናዳ የሚያሰጋበት ቦታ ካለ ሠራተኞቹ ሰው ከመግባቱ በፊት በፈንጂ ያወርዱታል። ባክካንትሪ ላይ ግን ሊፍት የለ፣ ጠባቂ የለ። ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ ጨርቅ ከስኪው ሥር ትለጥፋላችሁ፣ በእግራችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ትወጣላችሁ፣ ከዚያ ጨርቁን አንስታችሁ ትወርዳላችሁ። ተራራው ያው እግዜር እንደፈጠረው ነው።

«ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» ለምትሉ ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪኑ የክረምት ኦሎምፒክ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨሩ ለኢትዮጵያ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው እብድ እኔ አይደለሁም። እዚህ ዴንቨር ያለን አብዛኞቻችን ተራራውን የምናውቀው ቱሪስት ጭነን ስንመላለስ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ግን ተራራ እያየ ዝም ብሎ መኪና መንዳት ይከብደዋል።

እሺ፣ ወደ ቅዳሜው ልመለስ።

አራት ነበርን። አንደኛው ጋሼ የምላቸው፣ እዚህ ከመጡ ሃያ ምናምን ዓመት የሆናቸው፣ ስኪ ያስተማሩኝም ስኪውን ያዋሱኝም ሰው ናቸው። ሁለተኛው አብሮ አደጌ። ሦስተኛዋ አሁን በረዳት መምህርነት የምሠራበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባልደረባዬ፣ አሜሪካዊት፣ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች፣ ባክካንትሪ የጀመረችው በዚህ ዓመት ነው። አራተኛው እኔ። የሄድነው በርቱድ ፓስ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,446 ሜትር። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ናት፤ ልዩነቱን አስቡት።

ዘንድሮ በረዶው ዘግይቷል። ፀሐይ የሚያገኘው የተራራው ፊት ሣሩና ድንጋዩ ይታያል። ሰው ሁሉ «ኧረ በረዶ የለም፣ ምን ናዳ ይኖራል?» ነው የሚለው። እኔም ልቤ እንደዚያው ሲል ነበር። እዚህ ላይ ነው ፊዚክስ የሚያስፈልገን። ደብተር አውጡ!

በረዶው 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ሥሩ፣ መሬቱ ጋ፣ ዜሮ ዲግሪ ገደማ ነው፤ መሬት የበጋውን ሙቀት ይዛ ትቆያለች። ላዩ ግን ማታ ከዜሮ በታች 16 ደረሰ። በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የ16 ዲግሪ ልዩነት ማለት በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 4 ዲግሪ ማለት ነው። በረዶው 160 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ዲግሪ ብቻ ይሆን ነበር። ልክ ስስ ነጠላና ወፍራም ጋቢ እንደማለት ነው።

ይህ ልዩነት ሲበዛ፣ ከታች ያለው በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ እንፋሎት እየሆነ ወደ ላይ ይሄድና መልሶ ይረጋል። ሲረጋ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ጠርዝ ጠርዝ ያለው፣ እርስ በርሱ የማይያያዝ፣ እንደ ስኳር የሚፈስ ነገር ይሆናል። እዚህ ስሙንም «ስኳር በረዶ» ይሉታል። ከላይ ስታዩት ነጭ፣ ድፍን፣ የሚያምር ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ። የነቀዘ ባቄላ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ከዚያ አዲስ በረዶ ይመጣል፣ ነፋስ ይጠቀጥቀዋል፣ በስኳር ላይ የፈሰሰ ሊሾ ይሆናል። ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከሆነ፣ ሊሾው እናንተን ይዞ ለመሄድ የሚጠብቀው የእናንተን ክብደት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሞትበትን ናዳ የሚቀሰቅሰው ራሱ ሟቹ ወይ አብሮት ያለ ሰው ነው።

አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። በረዶ ባነሰበት ጊዜ ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የት ይገኛል? ፀሐይ በማያገኘው፣ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ባዘነበለው፣ ነፋስ ባጠራቀመበት ቁልቁለት ላይ። የመጀመሪያው የመኸር በረዶ ሳይቀልጥ ቆይቶ የነቀዘውስ የት ነው? እዚያው! ማለትም ሰው የሚሄድበትና አደጋው የተቀመጠበት ቦታ አንድ ናቸው። በዚያ ላይ ድንጋዩና ጉቶው ገና አልተሸፈነም። ትንሽ ናዳ እንኳን ብትሆን እሱ ላይ እየጎተተች ነው የምታወርዳችሁ። ትንሽ በረዶ ማለት ትንሽ አደጋ ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ጠዋት የክልሉ የናዳ ትንበያ ማእከል ያወጣውን አንብቤያለሁ። ከ5ቱ ደረጃዎች 2ኛው ላይ ነበር፤ ግን ወደ ሰሜን ያዘነበሉትን ቁልቁለቶች ተጠንቀቁ ይላል። ብዙ ሰው የሚሞተው 5ኛው ቀን አይደለም፣ ያን ቀን ማንም አይወጣም፤ 3ኛውና 2ኛው ላይ ነው። ስንወጣ በምርኩዜ በረዶውን ወጋሁት። መጀመሪያ ጠጠረ፣ ከዚያ ድንገት ሙልጭ ብሎ እስከ መሬት ገባ። ደግሜ ወጋሁት፤ ያው ነው። ሊሾውና ስኳሩ።

ታዲያ ምን አልኩ? ምንም። ጋሼ ፊት ፊት እየሄዱ ነበር። ሃያ ዓመት የወጡ ሰው ናቸው፣ ስኪውም የእሳቸው ነው። ከፊታችን ደግሞ ሌሎች ሰዎች የወረዱበት ሁለት መስመር ይታያል። አሥር ሰዓት ሌሊት ተነስተን፣ ይህን ሁሉ ነድተን፣ ስንት ቅዳሜ ጠብቀን... እኔ ማን ነኝና «እንመለስ» የምለው? ዝም አይነቅዝም አልኩ በሆዴ።

ትንሽ እንደሄድን ከእግራችን ሥር «ውምፍ» የሚል ድምፅ መጣ። ድፍን ያለ፣ ደረትን የሚመታ ድምፅ ነው። ሥሩ ያለው ስኳር ሲደረመስ ነው እንደዚያ የሚለው። ሁላችንም ቆምን። ጋሼ ዞር ብለው «እዚህ ሜዳ ነው፣ ምንም አይል» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እዚያ ሜዳ ነበር። ሃምሳ ሜትር ወደፊት ግን ሜዳ አልነበረም። አብሮ አደጌ እኔን አየኝ። እኔ ጓንቴን አየሁ።

ያኔ ባልደረባዬ፣ የሁላችንም ታናሽ፣ «እኔ ከዚህ አላልፍም» አለች። ምክንያት አልደረደረችም። ድምጿም ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዝም ተባለ። ጋሼ ቁልቁለቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ «ጥሩ፤ ተመልሰናል» አሉ። በቃ። ከ30 ዲግሪ በታች በሆነው፣ ዛፍ በበዛበት በኩል ወረድን። ስኪዬ ድንጋይ ላይ ተፋቀ። ፎቶው ላይ የምስቀው እዚያ ነው።

አሁን አንዳንዱ «ታዲያ ናዳው ወረደ?» ይለኛል። እኔ እስከማውቀው አልወረደም። ብንሄድም ምናልባት ምንም አይደርስብን ነበር። ግን ተማሪዎቼ፣ አስታውሱ፤ ስሌቱን ሳይሠራ መልሱን ገምቶ ያገኘ ተማሪ ሙሉ ማርክ ሰጥቼ አውቃለሁ? ተራራ መጥፎ አስተማሪ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ተሳስታችሁ ዘጠኝ ጊዜ ራይት ያደርግላችኋል። አሥረኛው ላይ ደብተራችሁን ይወስደዋል። «ሃያ ዓመት ወጥቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ነገር ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ኢያን ማካመን የሚባል ተመራማሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ1972 እስከ 2003 አሜሪካ ውስጥ የደረሱ 715 የናዳ አደጋዎችን ተመልክቷል። ያስተዋለው ነገር፣ ሰው ፊቱ ላይ ምልክት እያለ የሚሳሳተው ስለማያውቅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ቦታውን ለምዶታል፤ ከጀመረ መተው ከብዶታል፤ ሌሎች እንዲወዱት ፈልጓል፤ አዋቂ ነው የሚለውን ሰው ተከትሏል፤ ሌሎችን አይቶ ተደፋፍሯል፤ ዕድሉ የሚያመልጠው መስሎታል። ሳነበው ሳቄ መጣ። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ይሉኝታ።

ይሉኝታን አላጣጥልም። እንግዳ የምንቀበልበት፣ ታላቅ የምናከብርበት፣ ያጣ ጎረቤት ሳንነግረው የምናበላበት ነው። ግን ልክ አለው። ነፍስ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ይሉኝታ ክብር መሆኑ ይቀርና ፍርሃት ይሆናል። በኋላ መኪና ውስጥ ጋሼን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ በምርኩዜ ያየሁትን ለምን እንዳልነገርኳቸው። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ እኔም ከውምፉ በኋላ ደስ አላለኝም። እናንተ ይህን ያህል ጓጉታችሁ እንዴት እንመለስ ልበል?» አራት ሰው፣ አራቱም ፈርቷል፣ ሦስቱ ለሌላው ሲል ዝም ብሏል። በመከባበር ልንሞት ነበር እኮ!

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው። ከጓደኛ ጋር ተራራ የሚወጣ ሰው፣ ከመሣሪያው በፊት ስለ ንግግሩ ይስማማ። ቢከኑም፣ መፈለጊያ ዘንጉም፣ አካፋውም የግድ ነው። ናዳ የቀበረውን ሰው በሕይወት የማግኘት ዕድል ከ10 እና ከ15 ደቂቃ በኋላ በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አይጠብቅም፣ የሚያወጣችሁ አጠገባችሁ ያለ ጓደኛ ነው። ግን ከመቀበር የሚያድነው መሣሪያ አይደለም፣ አፍ ነው። እኛ አራታችን ከአሁን በኋላ ሦስት ነገር ተስማምተናል። አንድ፣ የአንድ ሰው «አይሆንም» ይበቃል፤ ምክንያት አይጠየቅም፣ በኋላም አይቀለድበትም። ሁለት፣ መጀመሪያ የሚናገረው ታናሽ ነው፣ ጋሼ መጨረሻ ላይ። ታላቅ ከተናገረ በኋላማ ማን ይናገራል? ሦስት፣ ከቤት ሳንወጣ ሁለተኛ ቦታ እንመርጣለን፤ መመለስ ሽንፈት እንዳይመስለን።

«እንዲህ ከሆነማ ፈሪ አንድ ሰው ካለ ማንም ተራራ አይወጣም» ያለኝ ሰው አለ። እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ይቅር። ሁልጊዜ የሚፈራ ጓደኛ ካለ፣ ከእሱ ጋር ቀለል ያለ ቦታ መሄድ ነው። ዝም የሚል ጓደኛ ይዤ ከምወጣ የሚፈራ ይዤ ብመለስ ይሻለኛል።

የመጨረሻው ነገር፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩበትም ምክንያት።

ያቺ ልጅ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ስትናገር፣ የሰሜን ሸዋው ክፍሌ ነው ትዝ ያለኝ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ነበረች። ሰሌዳ ላይ ስሠራ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምልክቱ ነጌቲቭ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ «ተቀመጪ» አልኳት። ቤቴ ገብቼ ሳየው ልክ ነበረች። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ አረምኩት፤ ግን «እሷ ናት ያገኘችው» አላልኩም። ሌላ ጊዜ እጇን ስታወጣ አላየሁም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ልክ ነበርሽ። ይቅርታ። ሌሎቻችሁም፣ ዝም እንድትሉ አስተምሬያችሁ ከሆነ፣ ያንን ትምህርት ሰርዙልኝ። አለቃችሁ ሲሳሳት፣ ሹፌሩ እንቅልፍ ሲጥለው፣ ሐኪሙ ሳይሰማችሁ መድኃኒት ሲጽፍ፣ እጃችሁን አውጡ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥም ተናገሩ።

እናንተስ? «ብናገር ኖሮ» ያላችሁበት ቀን አለ? ወይ ተናግራችሁ የዳናችሁበት? ታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።

መልካም ሰንበት!